ድንጋዩ ያለቀበት ቴፕ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዲስ አበባ፤ የ«አለት» ሄቪ ሜታል ባንድ አድናቂዎች ለባንዱ አዲስ አልበም ለ«ፍም» ምረቃ በተከራዩት አዳራሽ ጀርባ፣ ወንበር በተደራረበበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ወጣቷ ረድኤት ልታነበው የመጣችውን ጽሑፍ አጣጥፋ ይዛ ከአድናቂዎቹ አንጋፋ ከይድነቃቸው ጋር ትሟገታለች።

ረድኤት፦ አላነብም ጋሽ ይድነቃቸው። ሌላ ሰው ያንብበው።

ይድነቃቸው፦ ሌላ ሰው አልጻፈውማ። ደግሞ ስምሽን ጠርቻለሁ፤ አዳራሹም አጨብጭቧል።

ረድኤት፦ አመማት ይበሉልኝ።

ይድነቃቸው፦ ምኗን ልበል? አሁን ወንበር ተሸክመሽ ስትሮጪ አይተውሻል።

ረድኤት፦ ሆዷን ይበሉ።

ይድነቃቸው፦ ስሚኝ የኔ እመቤት፤ ዓይነ አፋር መሆንሽን ሁላችንም እናውቃለን። ቴሌግራም ላይ ስታወጪው ግን አላፈርሽም። «ጥላሸት ተራራ ነበር፤ ፍም ተራራ ለመምሰል የሚንጠራራ ኮረብታ ነው» ያልሽው አንቺ ነሽ። ስንቱ ተቀባበለው!

ረድኤት፦ እባክዎ አይድገሙት።

ይድነቃቸው፦ ለምን? ውሸት ነው? ሁለተኛውን አልበም በኪቦርድ አበላሹት። ሦስተኛው ለሠርግ የተሠራ ነው የሚመስለው። ፍም ከሁለቱ ይሻላል፤ ከመጀመሪያው ከጥላሸት ጋር ግን ይስተካከላል የሚል ጆሮ ያለው ሰው አለ?

ረድኤት፦ ቅድም ድራመሩ ከቤታቸው ያመጡትን ካሴት ሲያጫውቱ የት ነበሩ?

ይድነቃቸው፦ ደጅ ሰው እያሰለፍኩ። ምነው?

ረድኤት፦ እኔ ሰው ሳይገባ ወንበር እደረድር ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር ደስ አለኝ። ፈጣን ነው፤ ዘፋኙም ቀጭን፣ ስል ድምፅ ያለው ጎረምሳ ነው። ዞር ብዬ «ይሄ ደግሞ የማን ባንድ ነው? ከእናንተ የተማሩ ልጆች ናቸው?» አልኳቸው።

ይድነቃቸው፦ ድራመሩን?

ረድኤት፦ ድራመሩን። ሳቁ፣ ሳቁና «እኛው ነን እኮ ልጄ፤ ጥላሸት ነው» አሉኝ።

ይድነቃቸው፦ ወይ ጉድ!

ረድኤት፦ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስለ ጥላሸት ስጽፍ የምውል ሰው ጥላሸትን አላወቅሁትም።

ይድነቃቸው፦ የአዳራሹ ቴፕ እየፈጠነ ይሆናል። እነዚህ አሮጌ ማሽኖች አይታመኑም።

ረድኤት፦ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ሌላ ካሴት አስገብቶ አሰማኝ፤ ማሽኑ ደህና ነው። የተበላሸው የኔ ቅጂ ነው።

ይድነቃቸው፦ የትኛው ቅጂ?

ረድኤት፦ ቻናሉ ላይ የጫንኩት፤ ሁሉም የሚያዳምጠው። በቆጂ እያለን ወንድሜ ካሴቱን የሚያጫውተው በባትሪ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ሲዳከም ፀሐይ ላይ ያሰጣውና መልሶ ይከተዋል። እኔ በስልኬ የቀዳሁት እንደዚያ ሆኖ ነው። ያ ሁሉ ከመሬት በታች የሚወጣ ድምፅ…

ይድነቃቸው፦ ድንጋዩ ደክሞ ቴፑ ሲጎተት የወፈረ ነው።

ረድኤት፦ ቶሎ ገባዎት።

ይድነቃቸው፦ በድንጋይ ቴፕ ያደገ ሰው ይገባዋል። በይ አሁን እንውጣ። ይሄን የምናውቀው አንቺና እኔ ነን። ድራመሩም የቀለድሽ ነው የመሰለው። ታነቢያለሽ፣ ይጨበጨብልሻል፣ ኬካችንን እንቆርሳለን።

ረድኤት፦ ጋሽ አምሃ ፊት?

ይድነቃቸው፦ ዘፋኙማ ጽሑፉን አንብቦታል። ቢቀየም ኖሮ ይመጣ ነበር? «ልጅቷ ራሷ ታንብብልኝ» ያለውም እሱ ነው።

ረድኤት፦ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው ከፊት ተቀምጠዋል። ሰላም ስላቸው እጄን ጨበጡኝ እንጂ አልተናገሩም። ሐኪም እንዳይናገሩ ከልክሏቸዋል አሉኝ ባለቤታቸው። ጉሮሯቸውን የጎዳቸው የፍም ቀረጻ ነው።

ይድነቃቸው፦ ዕድሜ ነው።

ረድኤት፦ ዕድሜ አይደለም። «ከድምፁ በታች ሲዘፍን ከረመ፤ ተው ብለው እምቢ አለኝ» ነው ያሉኝ። ሰው ለምን ከድምፁ በታች ይዘፍናል?

ይድነቃቸው፦ እኔን ትጠይቂኛለሽ? ዘፋኝ ነኝ እንዴ?

ረድኤት፦ እርስዎ የጥላሸት ካሴት አለዎት። ሲወጣ የገዙት፣ በላስቲክ ጠቅልለው ለአዲስ አባል ሁሉ የሚያሳዩት።

ይድነቃቸው፦ ማሳየት ሌላ፣ ማጫወት ሌላ። እንዳይበላሽብኝ አላጫውተውም።

ረድኤት፦ አጫውተውት አያውቁም?

ይድነቃቸው፦ ድሮ… ድሮማ አጫውቼዋለሁ። ቃል በቃል ነው የማውቀው።

ረድኤት፦ እንግዲያው የኔን ቅጂ የሰሙ ዕለት አውቀዋል።

ይድነቃቸው፦ ረድኤትዬ፣ ሰው እየጠበቀን ነው።

ረድኤት፦ ያውቁ ነበር።

ይድነቃቸው፦ ልነግርሽ ነበር እኮ። የመጀመሪያው ስብሰባችን ላይ የመጣሁት ልነግርሽ ነው፤ እውነቴን ነው። ስገባ እናንተ ልጆች ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከቅጂሽ ጋር ትዘፍናላችሁ። እኔ በወጣትነቴ ይሄን ሙዚቃ ስሰማ እናቴ ልጄን ምን ያዘብኝ ብላ ጠበል ወስዳኛለች። በሰፈሩ ብቻዬን ነበርኩ። ያን ቀን ቤት ሙሉ ሰው አየሁ። እንዴት ብዬ አፌን ልክፈት?

ረድኤት፦ ያን ቀንስ ይሁን። ከዚያ በኋላ?

ይድነቃቸው፦ ከዚያ በኋላ ደግሞ «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» መባልን ፈራሁ።

ረድኤት፦ ጋሽ አምሃ ቅጂዬን ሰምተውታል?

ይድነቃቸው፦ ይሄን ኋላ እናወራዋለን።

ረድኤት፦ ጋሽ ይድነቃቸው።

ይድነቃቸው፦ ለፍም ሲዘጋጁ ደወለልኝ። «ልጆቹ የሚወዱልን ምናችንን ነው?» አለኝ። ያንቺን ላክሁለት።

ረድኤት፦ የተጎተተ መሆኑን ነግረው?

ይድነቃቸው፦ ምንም ሳልል። የራሱ ድምፅ አይደል፣ አውቆት ይስቃል ብዬ ነበር። የድሮ ካሴቶቹ ቤት ሲቀይር ጠፍተውበት ስንት ዘመኑ፤ እኔ እሱን አላሰብኩም። መልሶ ደወለ። «እንዲህ ነበርኩ እንዴ?» አለኝ። ደስታው ረድኤት፣ እንደዚያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። «ነበርክ» አልኩት።

ረድኤት፦ እሳቸውም ያን ድምፅ ሲፈልጉ ጉሮሯቸውን ጎዱ። እኔ ደግሞ አላገኙትም ብዬ ጻፍኩባቸው።

ይድነቃቸው፦ አንቺ በምን ታውቂያለሽ?

ረድኤት፦ ሳላውቅ ነው የጻፍኩት። «የገዛ ድምፁን መምሰል ያቃተው ሰው» ብያቸዋለሁ። አምነውኝ ይሆናል እኮ። ቤታቸው ቁጭ ብለው፣ ስልካቸውን ይዘው፣ «እውነቷን ነው፤ ድሮ እችል ነበር» ብለው ይሆናል።

ይድነቃቸው፦ በቃ፣ በቃ። ወዲህ በይው፤ ቀደን እንጣለው። ታመመች እላለሁ።

ረድኤት፦ እሳቸው ታመው መጥተዋል።

ይድነቃቸው፦ ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?

ረድኤት፦ እወጣለሁ። መጀመሪያ የድራመሩን ካሴት አስከፍታለሁ፤ ቀጥሎ የኔን ቅጂ። ጎን ለጎን ይስሙት። ከዚያ የወንድሜን ቴፕ ነገር እነግራቸዋለሁ።

ይድነቃቸው፦ አንቺ? ሰው ፊት ምሳሽን መብላት የምታፍሪው?

ረድኤት፦ እኔው። አፍሬም ቢሆን እናገራለሁ።

ይድነቃቸው፦ መሳቂያ ነው የምንሆነው። ያ ሁሉ ልጅ ምን እንደወደደ እንኳን አያውቅም ይሉናል።

ረድኤት፦ ይበሉን። ጋሽ አምሃ ያልነበራቸውን ድምፅ ነው አጣሁ የሚሉት። እሱን ሳይሰሙ ከዚህ አዳራሽ ሊወጡ አይገባም።

ይድነቃቸው፦ እሺ… እሺ፤ ልክ ነሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ከአምሃ ሌላ ጓደኛ የምለው ሰው የለኝም። ስለ ቅጂሽ የፈለግሽውን ተናገሪ፤ አውቅ እንደነበር ግን አትናገሪ። ስሜን አታንሺ፣ በሞቴ።

ረድኤት፦ ስምዎን አላነሳም። ስጨርስ «ይህን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነበር?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ እጅዎን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት።