በእማዬ ጣት የገባው አነፍናፊ

— ሄሎ… ሄሎ፣ ጢሞ? … ቀስ በል፣ ቀስ… አይ፣ አልታመምኩም። ልጁ ትከሻዬ ላይ ተኝቶብኝ ነው… ገና አሁን። ጥርስ ሊያወጣ ነው መሰለኝ፣ እሱ ሲያለቅስ እኔ ስዞር ነጋልህ። ስለዚህ በሹክሹክታ ነው የምናወራው… አንተ ደግሞ ለምን ታንሾካሹካለህ? አንተ በደንብ ተናገር! … እሺ፣ አሁን ሰማሁህ።

መስኮቱ አጠገብ ቆማለች። አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች፣ ግራ ትከሻዋ በልጁ ለሃጭ ርሷል። ጢሞ የሥራ ባልደረባዋ ነው፤ አንድ የጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ያሉት ፕሮግራመሮች እሱና እሷ ብቻ ናቸው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ደረቱ ድረስ የወረደው ጢሙ ነው። እሷ ከወለደች ወዲህ ቢሮ ረግጣ ስለማታውቅ፣ የቢሮውን ወሬ የሚያደርስላት እሱ ነው። ዛሬ ግን ድምፁ የወሬ ድምፅ አልሆነላትም።

— ምን ሆንክ? … ማን ናቸው ያሉት? … ዋና አዘጋጇ? … «ይሄ ውሸታም ነገር ከኤዲተሩ ይውጣልኝ» አሉ? … አነፍናፊውን? የእኔን አነፍናፊ? … ኧረ ጢሞ፣ መቼ አስገባኸውና ነው የሚወጣው!

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋዜጣው ሰዎች ሁሉ ዜናና መጣጥፋቸውን የሚጽፉት ጢሞ በሠራው «ኤዲተር» በሚባል የመጻፊያ ፕሮግራም ነው። የተጻፈው ሁሉ አንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ይጠራቀማል። ዘጋቢው ሁሉ ለፋይሉ ስም የሚያወጣው በገዛ ራሱ ፊደል ነው፤ አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»፣ ሦስተኛው ሁለቱን ቀላቅሎ ያስቀምጠዋል። የድሮ ጽሑፉን የሚፈልግ ሰው የፋይሉን ስም በትክክል ካላስታወሰ ሲያስስ ይውላል። እሷ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ሆዷ ከጠረጴዛው አላስጠጋ እያላት፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ጻፈች። ጥቂት ፊደል ወርወር ታደርግለታለህ፤ መሃል ላይ ብትዘል ግድ የለውም፣ ፊደሉ ሃሌታው ሀ ይሁን ሐመሩ ሐ አይጨነቅም። ብቻ አነፍንፎ፣ ይመስላሉ ያላቸውን ከላይ ወደ ታች ይደረድርልሃል። «አነፍናፊ» አለችው። ከኤዲተሩ ጋር ሳታገናኘው ምጧ መጣ። የማገናኘቱ ሥራ ለጢሞ ቀረ።

— ታዲያ ውሸቱ ምኑ ላይ ነው? አያገኝም? … ያገኛል። … ዝርዝሩ ላይ ይወጣል። … እሺ፣ ሲጫኑትስ? … «ይህ ፋይል የለም»? … ራሱ አግኝቶ ራሱ የለም ይላል? … አይ፣ እየሳቅኩ አይደለም… ትንሽ ብቻ። … በሰው ሁሉ ፊት? ይሄማ ያናድዳል። እኔም ብሆን አውጡልኝ እል ነበር።

ልጁ በእንቅልፉ ቃተተ። ጀርባውን መታ መታ እያደረገች ከመስኮቱ እስከ በሩ ተንሸራሸረች።

— ጢሞ፣ ቆይ። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ስም በምን በምን ፊደል ነው የተጻፈው? አንድ በአንድ ንገረኝ… በጸሎቱ ጸ። … በሃሌታው ሀ። … ይ። … ፎልደሩ ውስጥ ያለው ዋናው ፋይልስ? … በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ? … በቃ! ያዝኩት!

ድምጿ ሳታስበው አመለጣት። ልጁ ቀና አለ፣ ፊቱን አኮሳተረ፣ አፉን መክፈት ጀመረ።

— እሽሽሽ… ማሙዬ… የኔ ጌታ… ማንም አልጮኸም፣ ማንም… እሹሩሩ… ለአንተ አይደለም ጢሞ፣ አንተን እሹሩሩ ልልህ ነው? … ተመለሰ። ተኛ። … ስማኝ። አነፍናፊው ለማመሳሰል ብሎ ስሙን ያቀልጠዋል፣ ገባህ? ፀውን ጸ፣ ሐውን ሀ አድርጎ አንድ ያደርገዋል። ያ ለፍለጋ ብቻ ነው። ኤዲተሩ ግን ሊከፍት የሚሄደው በቀለጠው ስም ሆኗል። … እንዴት ልንገርህ… ደመወዝ ክፍል ሄደህ «የጢሞን ደመወዝ ስጡኝ» እንደማለት ነው። እንዲህ የሚባል ሠራተኛ የለንም ነው የሚሉህ። … አዎ! ሰውየው አለ፣ ስሙ ነው የሌለው። … ይቅርታህን ለኋላ አቆየውና ሥራውን እንሥራ። ሁለቱም ስም ጎን ለጎን ይያዙ፤ በቀለጠው ይፈለጋል፣ በዋናው ይከፈታል። ሦስት አራት መስመር ነው፣ አሁኑኑ ላፕቶፕህን አውጣና… የት ነው? … ጥገና? … ባትሪው አብጦ? … ታዲያ አሁን ከየት ነው የምትደውለው? … እሳቸው ቢሮ? … እሳቸውስ? … አጠገብህ ቆመው?!

ዋና አዘጋጇ ከራስጌው ቆመው፣ ወረቀታቸውን በክንዳቸው ታቅፈው፣ ወደ ስብሰባ ሊገቡ ነው። ከመግባታቸው በፊት ካልተስተካከለ አነፍናፊው ከኤዲተሩ ይወጣል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ማን መልሶ ያስገባዋል? የጢሞ የኮድ ቅጂ ከላፕቶፑ ጋር ጥገና ገብቷል፤ የቀረው ያለው እሷ ቤት፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በተከፈተው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። እጆቿን አየቻቸው። አንዱ የልጁን ቂጥ ደግፏል፣ ሌላው ማጅራቱን። ከጠዋት ጀምሮ አልጋ ላይ ልታስተኛው ሞክራ ነበር፤ ጀርባው ፍራሽ ሲነካ እሳት የነካው ይመስል ይጮሃል።

ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አላት። ባለፈው ጢሞ ወንበሯ ላይ የወረቀት ካርቶን እንደተከመረ ሲነግራት ስቃ አልፋው ነበር። አሁን አነፍናፊውም ከወጣ፣ እዚያ ቢሮ ውስጥ የእሷ የሚባል ምን ይቀራል? ሰው ሳይኖርም ሥራው እንደሚሄድ ታውቃለች። ግን እንዲህ በፍጥነት እንዲሄድ አልፈለገችም።

ያኔ ነው እናቷ የታጠፈ የልጅ ልብስ ተሸክማ ከጓዳ ብቅ ያለችው።

— እማዬ… እማዬ፣ ልብሱን አስቀምጪውና ነይ። ላፕቶፑ ጋ ተቀመጪልኝ… አዎ፣ አንቺ። መነጽርሽን አድርጊ… ጢሞ፣ እንዳትዘጋ። እማዬ ልትጽፍልን ነው። … እናቴ ነው ያልኩህ፣ አዎ! ምን ያስቅሃል? ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አንተ አንድ ቃል ስትጽፍ እሷ ገጽ ትጨርሳለች። … አንተ እስከዚያ እሳቸውን በወሬ ያዝልኝ። … እኔ ምን አውቃለሁ፣ ስለ ልጄ አውራላቸው! ጥርስ ሊያወጣ ነው በላቸው።

እናቷ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች። ጀርባዋን ቀጥ አደረገች። ጣቶቿን ኪቦርዱ ላይ ስታሳርፍ ፊቷ ተለወጠ፤ ልብስ የምታጣጥፈው አያት ሄዳ ሌላ ሴት የመጣች ነው የሚመስለው።

— ወደ ታች ውረጂ… ቀስቷን… ሌላ… ሌላ… ቁሚ! እዚህ ጋ። አዲስ መስመር ክፈቺ። በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ አንድ በአንድ እነግርሻለሁ… ትርጉሙን ተይው እማዬ፣ እንደ ወረደ ምቺው። … እኩል ይሆናል… ክፍት ቅንፍ… አይ፣ ክቡ ቅንፍ… ነጠላ ሰረዝ… ዝጊ። … ምን? … የማን ቋንቋ ነው ትላለች፣ ጢሞ… የማንም አይደለም እማዬ፣ ሰው አይናገረውም። … ቀጥዪ። አዲስ መስመር።

ቁልፎቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ተንጣጡ። እናቷ እጇን አታይም፤ ዓይኗ ልጇ ከንፈር ላይ ነው፣ ቃሉ ሳያልቅ ጣቷ ይደርስበታል። የዳኛ ውሳኔ ይሁን ይሄ ቅንፍ የበዛበት ነገር፣ ለእሷ ልዩነት ያለው አይመስልም። የተነገራትን ትጽፋለች።

— ጨረስን… አሁን ኢንተር በይው… ሄደ። ጢሞ፣ ልኬልሃለሁ። ኤዲተሩን ዝጋና እንደገና ክፈተው። … እጠብቃለሁ። … ምን አለ? … አልነሳም? ኤዲተሩ ራሱ? … አሁን ጭራሽ ባሰበት? … እሳቸው ምን እያሉ ነው? … ሰዓታቸውን እያዩ። … ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ ነው ይላል?… አዲሶቹ ሁሉ? ሁሉም? … እማዬ፣ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዙሪው እስቲ።

ልጁ እንዳይነቃነቅ ወገቧን ሳታጎብጥ በጉልበቷ ብቻ ዝቅ አለች። ስክሪኑን አየች። ፊደሉ ሁሉ ልክ ነው፤ ቅንፉም፣ ሰረዙም። በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ግን አንዳንድ ነጥብ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ በቦታው ተቀምጧል።

— እማዬ… እነዚህን ነጥቦች እኔ አልኩሽ? … «ዓረፍተ ነገሩ አልቆ ክፍቱን ይተዋል እንዴ» ትላለች! … ጢሞ፣ አትሳቅ፣ ያዩሃል! … ልክ ነሽ እማዬ፣ ለሰው ሲጻፍ ልክ ነሽ። ይሄ ማሽን ነው፣ አልተማረም። አጥፊያቸው… አዎ፣ ሁሉንም… የመጨረሻውንም… እሱንም እማዬ፣ እዘኚና አጥፊው። … ኢንተር። … ሄደልህ ጢሞ። ክፈት።

ጠበቀች። በማዳመጫው ውስጥ የወንበር ሲጥሲጥታ፣ የሩቅ የበር ድምፅ፣ የጢሞ ትንፋሽ ይሰማታል። እናቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ልጁ ብቻ ነው ያልጨነቀው።

— ተነሳ? … ተነሳ። ይጻፉ እስቲ፣ ራሳቸው ይጻፉ። … በጸሎቱ ጸ ጻፉ… ዝርዝሩ መጣ… ስሙ በምን ፊደል ነው የሚታየው? … በፀሐዩ ፀ! በራሱ ስም! … አሁን ይጫኑት። … … ጢሞ? … ጢሞ፣ ትሰማኛለህ? … ተከፈተ? … ተከፈተ እማዬ! … ምን? ለእኔ? … ኧረ ቆይ፣ ጢሞ፣ ምን እላቸዋለሁ… ሄሎ! … አዎ፣ እኔ ነኝ። ጤና ይስጥልኝ… ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን… ድምፄ እንኳ አልተዘጋም፣ ልጁ ተኝቶብኝ ነው። … ወንድ ነው… አይ፣ ጥርሱ ገና ከታች ነጭ ነጭ ብሎ ነው። … ያሳድግልን፣ አሜን። … ምን ብለው? … «ድድፍ» ብቻ? … የድልድዩ መፍረስ መጣልዎት? … አዎ፣ እየዘለሉ መጻፍ ይችላሉ። … አይ፣ ሐሳብ አያነብም፣ ያነፈንፋል እንጂ። … ለሁሉም ዘጋቢ? ዛሬውኑ? … ከቤት? … እኔ? … እስክመለስ ድረስ ከቤት እየሠራሁ… ኧረ እንዴታ፣ ደስ ይለኛል! ልጁ በተኛ ሰዓት… አዎ፣ በሚተኛው መጠን። … እግዜር ይስጥልኝ። መልካም ስብሰባ።

እናቷን በዓይኗ ጠቀሰቻት። እናቷ ምን እንደተባለ ሁሉንም አልሰማችም፤ ግን የልጇን ፊት አይታ እሷም ፈገግ አለች።

— ጢሞ? ገቡ? … አሁን ሳቅ፣ ተፈቅዶልሃል… ቀስ ብለህ! … ምን ቀረ? … የለውጡ መዝገብ ላይ? ማን ጻፈው የሚለው… በእኔ ስም አድር… ቆይ። ቆይ፣ ሁለት ስም አድርግበት። የእኔንና የእማዬን። … አልቀለድኩም። እያንዳንዷን ፊደል የመታችው እሷ ናት፣ እኔ አንድ ቁልፍ አልነካሁም። … እማዬ፣ ዝም በይ አንቺ። «እኔ ምን አደረግኩና» ትላለች። … ጻፈው በቃ።

እናቷ በሥራ ዘመኗ የመታችው ወረቀት ቢቆለል ይሄን ቤት ይሞላል። ሁሉም ከቢሮ የወጣው ሌላ ሰው ፈርሞበት ነው፤ ይሄ ቅር ብሏት ስታወራ ልጇ ሰምታት አታውቅም። አሁንም እጇን እያወናጨፈች «ተዉት፣ ተዉት» አለች። ወዲያው ግን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ፣ አንድ ነገር ጠየቀች።

— ጢሞ… በምን ፊደል ነው የጻፍከው ትላለች። … በእሳቱ ሰ? … አይሆንም! በንጉሡ ሠ ነው የሚጀምረው። … አውቃለሁ፣ አነፍናፊው አይለይም፤ እማዬ ትለያለች! … አስተካከልከው? … አስተካክሎታል እማዬ። … እሺ ጢሞ፣ በል ልዝጋ፣ ክንዴ ደንዝዟል… ሌላም አለ? … የጻፉትን ሲያጠፉት ዝርዝሩ አይመለስም? … እሱ አይቸኩልም፣ ነገ ከነገ ወዲያ አየዋለሁ… አንዴ ቆየኝ። ምን አልሽ እማዬ?

እናቷ ከወንበሩ አልተነሳችም። የልጅ ልብሱ ክምር እንደተቀመጠ ቀርቷል። መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ ወልውላ መልሳ አድርጋለች፣ ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክላ አቅንታዋለች፣ ጣቶቿም ቁልፎቹ ላይ ናቸው። የሚጻፍ ሌላ ነገር የለም ወይ ነው የምትለው።

— ጢሞ… ያንን ሁለተኛውን ችግር አሁኑኑ ላክልን። … ምን? … አዎ፣ በትክክል ሰምተሃል። ላክልኝ አላልኩም፤ ላክልን ነው ያልኩት። … በል ቻው፣ ልጁ ነቃ።