ዘግይተን የደረስንበት ለቅሶ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ጋሼ ዑቕባሚካኤል እዚህ ፕሊማውዝ ወዳለው የአስጎብኚ ባስ ጋራዣችን መጀመሪያ የመጡ ቀን ከረባት አስረው ነበር። አለቃችን ቦጋለ ባስ ሊከራይ የመጣ ደንበኛ መስሎት በቡናና በዶናት ተቀበላቸው። እሳቸውም በልተው፣ ጠጥተው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «በል ቁልፉን ስጠኝ፤ አዲሱ ሾፌር እኔ ነኝ» አሉት። ከዚያ ወዲህ ለሾፌር ዶናት ቀርቦ አያውቅም።

ጠባያቸውን ታውቁታላችሁ። ሃይዌይ ላይ ያገኙትን ባስ ሁሉ እጅ እያነሱ ሰላም ይላሉ፤ የትምህርት ቤት ባስ እንኳ አያልፋቸውም። እኔ ሌይን ስቀይር ደግሞ፣ «ሲምቦ፣ ጸሎቱ ይቆይሽ፣ መስተዋቱን እይ» ይሉኛል።

ሚሲሲፒ የሄድን ጊዜማ! የአፕል ቫሊ ከተማ ጡረተኞችን ይዘን፣ በባርነት ዘመን የተሠራ የጥጥ እርሻ ጌታ ቤት ልናስጎበኝ ነው። እኔ ነጫጭ ዓምዶቹንና የአትክልቱን ስፋት አይቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጋሼ ያዩት ግን ከቤቱ ጀርባ የተተከለውን ድንኳን ነው። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሰዎች ዝም ብለው ተደርድረው ተቀምጠዋል። «ሰው ሞቶባቸዋል፤ ለቅሶ ሳንደርስማ አናልፍም» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሁላችንንም አስከትለው ገቡና አንገታቸውን ደፍተው ቁጭ አሉ። ሙዚቃው ሲጀምርና ሙሽራዋ ስትገባ ብታዩን! ለካ ሰርግ ነው። ጋሼ እኮ ቀደም ብለው የሙሽራዋን አባት ትከሻውን ይዘው አጽናንተውታል።

እየሳቅን ስንወጣ፣ ከድንኳኑ ማዶ ያለው ባዶ ሜዳ የባሮቹ መቃብር እንደሆነ አስጎብኚዋ ነገረችን። ስም የለ፣ ድንጋይ የለ፤ ጉብኝቱም ውስጥ የለበትም። ሳቃችን ቆመ።

ጋሼ፣ «ለካ ለቅሶውስ ልክ ነበር፤ የዘገየነው እኛ ነን» አሉ። ሄደው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ጡረተኞቹም ጉልበታቸውን እየያዙ አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ በየጸደዩ እዚያ ሞተር አጥፍተው፣ «ነፍስ ይማር» ሳይሉ አልፈው አያውቁም።

ጋሼ፣ አመሰግንዎታለሁ። ዓምዱን ሳደንቅ የነበርኩትን ሰው፣ ጥጡን ማን እንደለቀመው እንድጠይቅ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።

ባለፈው ሳምንት፣ «ከእኔ በኋላ መቃብሩ ጋ ማን ይቆማል?» ብለውኝ ነበር። ቦጋለ ሰዓት ለመቆጠብ ብሎ የመጪውን ጸደይ ፕሮግራም ቤቱና አትክልቱ ብቻ አድርጎታል። ቦጋለ፣ እወድሃለሁ፤ ግን መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። እቆማለሁ።

በሉ ብርጭቆ አንሡ! ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ ከባለቤትዎ ከእትዬ ጸሃይቱ ጋር የዕረፍት ዘመን ያድርግልዎት። ሚያዝያ ላይ የፊተኛው ወንበር የእርስዎ ነው። «ነፍስ ይማር»ን ይጀምሩልን፤ እኛ አሜን እንላለን።