የሰማኸውን መልስልኝ

ባለፈው ነሐሴ መጀመሪያ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎብዬ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ እስኪያስጠግን ድረስ ተሳፋሪው ጥላ ፍለጋ በየሻይ ቤቱ ተበተነ። እኔም አንዱ በረንዳ ላይ ወንበር ስፈልግ ሳላስበው ከአያ ሙህዲን ጋር ተገናኘሁ።

አያ ሙህዲን የሮቢት አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። የጎሊና ወንዝ ዳር ገበሬዎች የውሃ አባት አድርገው ከመረጧቸው ሃያ ዓመት ሆኗል። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በየትኛው ቦይ ወደ ማን ማሳ እንደሚገባ፣ ውሃውን ወደ ቦዩ የሚመልሰው የአሸዋ ክትር መቼ እንደሚሠራ፣ ሰው መቼ ከወንዙ እንደሚወጣ የሚያዙት እሳቸው ናቸው። እኔ በቆቦ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ መምህር ነኝ፤ ሁለት ልጆቻቸውም ተማሪዎቼ ነበሩ።

«መምህር ጌታሁን! አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ከረምክ? ቤተሰብ ደህና? ዝናቡስ በእናንተ በኩል እንዴት ነው?» እያሉ እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። በጎናቸው ሻሽ የጠመጠመች ረጋ ያለች ወጣት ተቀምጣለች። «ፈሪሀ ናት፤ የሟች ወንድሜ ልጅ። በእኔ እጅ ያደገች። አሁን አውሮፕላን ታበራለች፤ ለዕረፍት መጥታ ነው» አሉኝ። ኩራታቸውን ለመደበቅ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም።

«ረዳት አብራሪ ነኝ» ስትል አረመቻቸው ፈሪሀ፣ ፈገግ ብላ።

ወዲያው አያ ሙህዲን ስልክ አወጡና እንዳለው ወደሚባል ጎረቤታቸው ደወሉ። እንዳለው በክትሩ ሥራ ላይ ሰዎቹን የሚመራ ብርቱ ገበሬ ነው። «እንዳለው! ነገ ጧት ከላይኛው ክትር ጀምሩ፤ በሬዎቹንም ይዛችሁ ኑ። ሰማህ?» ከወዲያ «እሺ፣ እሺ» የሚል ድምፅ ተሰማ። አያ ሙህዲን ስልኩን ወደ ኪሳቸው መለሱ።

ፈሪሀ ወደ እሳቸው ዞራ «አያ፣ ባይቀየሙኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለች።

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«እንዳለው የሰማው አንቱ ያሉትን መሆኑን በምን አወቁ?»

«እሺ አለኛ!»

«እሺ ያለው ግን ለየትኛው ቃል ነው? ታችኛው ክትር የተባለ መስሎት እሺ ቢልስ?»

አያ ሙህዲን ሳቁ። «ስሚ፣ ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም። እንዳለው የሦስት ልጆች አባት ነው። ‹ያልኩህን ድገምልኝ› ብዬ ብጠይቀው እንደ ሕፃን ቆጠረኝ ብሎ ይቀየማል። እሱም ቃሌን መልሶ ቢነግረኝ የሚያላግጥብኝ ይመስለኛል። የሽማግሌ ቃል ይሰማል እንጂ አይመረመርም።»

እኔም ነገሩ ስቦኝ «እናንተ በአየር ላይ እንዴት ነው የምትነጋገሩት?» ስል ጠየቅኋት።

«መምህር፣ እኛንና በማማው ላይ ያለውን ተቆጣጣሪ የሚያገናኘን ድምፅ ብቻ ነው። ፊቱን አናየውም፤ እሱም ፊታችንን አያይም። ስለዚህ ለንግግሩ ወግ ተበጅቶለታል። አስቀድመን ሌላ ሰው እየተናገረ እንዳይሆን እናዳምጣለን፤ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ከተናገረ የሚሰማው ጩኸት ነው። ከዚያ የምንጠራውን እንጠራለን፣ የራሳችንን መለያ እንናገራለን፣ ያለንበትንና የምንፈልገውን ባጭሩ እንገልጻለን። ተቆጣጣሪው ‹ወደዚህ ከፍታ ውረዱ› ሲለን እሺ ብለን ዝም አንልም። ከፍታውን፣ አቅጣጫውን፣ የምናርፍበትን መንደርደሪያ መልሰን እንነግረዋለን። ልክ ከሆነ እንቀጥላለን፤ ከተሳሳትን ያርመናል። ቁጥሩንም አንድ በአንድ ነው የምንጠራው። ያልሰማ ሰው ‹ድገምልኝ› ይላል፤ ይህ ነውር አይደለም።»

«ሰላምታስ የላችሁም?» አሉ አያ ሙህዲን።

«አለን፤ ግን አጭር ናት።»

«ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ሳትጠያየቁ?»

«አያ፣ ከኋላችን ሌላ አውሮፕላን ለመናገር ተራውን እየጠበቀ ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም በልቤ፣ የወሎ ሰላምታ ከሀብታችን አንዱ ነው አልኩ። ሰውን ከሰው የሚያስተሳስር እሱ ነው። ነገር ግን ለመጠያየቅ የሚሆን ንግግርና ሕይወት የተንጠለጠለበት ንግግር አንድ ዓይነት ልብስ ሊለብሱ አይገባም።

ፈሪሀ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። «አንድ ነገር ልንገርዎ፤ እስከ ዛሬ ለቤተሰብ ነግሬ አላውቅም። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ዋናው አብራሪ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ። ተቆጣጣሪው ‹ዘጠኝ ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ቆዩ› አለን። እሳቸው ስምንት ሰሙ። እኔ ዘጠኝ እንደሆነ በደንብ ሰምቻለሁ። ግን አፌ አልከፈት አለኝ። ‹ትልቅ ሰውን እንዴት ተሳስተዋል እላለሁ?› ብዬ ዝም አልኩ። እሳቸው በወጉ መሠረት ‹ስምንት ሺህ› ብለው መልሰው ሲናገሩ ተቆጣጣሪው ‹አይደለም፤ ዘጠኝ ሺህ› ብሎ አረማቸው። ከበታቻችን ሌላ አውሮፕላን ነበር።»

«ሱብሃነላህ!» አሉ አያ ሙህዲን። «ከዚያስ ተቆጡሽ?»

«ተቆጡኝ፤ በትክክል ሰምቼ ዝም እንዳልኩ ስነግራቸው፣ ስለ ዝምታዬ ነው የተቆጡት። ‹አንቺ ስታርሚኝ ክብሬ አይቀንስም። ዝም ስትይ ግን ከኋላችን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያልቃል› አሉኝ።»

አያ ሙህዲን ግን «ይህ ለሰማይ ነው፣ ልጄ። እኛ ምድር ላይ ነን፤ እንተዋወቃለን» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሾፌሩም ጥሩንባውን ነፋ።

በሦስተኛው ቀን የክትሩን ሥራ እንዳይ ጋብዘውኝ ወደ ሮቢት ሄድኩ። ምሳ በልተን ከአያ ሙህዲን ቤት ደጃፍ ከዋርካው ሥር ተቀምጠናል። ወንዙ ከዚያ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሰማዩ በእኛ በኩል ጥርት ያለ ነበር፤ በምዕራብ በኩል ግን ደጋው ጠቁሯል። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የአያ ሙህዲን ስልክ ጮኸ። በተራራው ግርጌ ጎርፍ የሚጠብቀው አራጌ ነበር።

«አያ፣ ደራሽ ጎርፍ ወርዷል! ከባድ ነው!»

ጎርፉ ከተራራው ግርጌ እስከ ክትሩ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። አያ ሙህዲን አልደነገጡም፤ ይህ የሃያ ዓመት ሥራቸው ነው። ወዲያው ለእንዳለው ደወሉ። ንፋስ ተነስቶ ነበር፤ ስልኩም ይቆራረጣል። «እንዳለው! ጎርፍ መጥቷል፤ ወደ ወንዙ አትግቡ! ሰማህ?»

«እሺ፣ አያ! እሺ!»

ስልኩን ዘግተው «ምሳቸውን በልተው ዳር ላይ ዐርፈው ነበር፤ ደህና ናቸው» አሉን።

ፈሪሀ ብድግ አለች። «አያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልደውልለትና የሰማውን ይመልስልኝ።»

«እሺ ብሎኛል እኮ! ሰውየውን በሰው ፊት ታሳፍሪዋለሽ፤ እኔንም ጭምር።»

«በኋላ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።»

ፊታቸው ጠቆረ። ይሁንና ስልኩን ሰጧት። ደውላ ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

«እንዳለው፣ እንዳለው፤ ፈሪሀ ነኝ። አያ ምን እንዳዘዙህ መልሰህ ንገረኝ።»

ነፋሱ ከስልኩ ውስጥ ፉጨቱን ለቀቀብን። ከዚያ የእንዳለው ድምፅ መጣ። «‹ጎርፍ ሳይመጣ ወደ ወንዙ ግቡ› ብለውናል። ገብተናል፣ አምስታችንም። የቦዩን አፍ መክፈት ጀምረናል።»

አያ ሙህዲን ከዘራቸውን ይዘው «ኧረ አላልኩም!» እያሉ ተነሡ። ፈሪሀ ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ይልቁንም ቃላቱን ለያየቻቸው።

«ስህተት ነው። ውጡ። አምስታችሁም አሁኑኑ ከወንዙ ውጡ። መልስልኝ።»

«እንውጣ። አምስታችንም አሁኑኑ እንውጣ።»

«ልክ ነው። ዳር ስትደርሱ ቁጠርና ደውል።»

ወደ ወንዙ ሮጥን። ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው ከእኔ ቀድመው ይሮጡ ነበር። መንገድ ላይ ሳለን «አምስት ነን፤ ወጥተናል» የሚለው መልስ ደረሰን። ዳር ስንደርስ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎርፉ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ፣ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣ። ከአፍታ በፊት ሰዎቹ የቆሙበትን አሸዋ ባንድ ጊዜ ዋጠው። ሰዎቹ ሲወጡ አሸዋ ይጎትቱ ከነበሩት በሬዎች አንዱን ፈትተው ነበር፤ ሁለተኛው ግን ገመዱ ተጠላልፎበት አልደረሱለትም። የእንዳለው ጥቁር በሬ ነበር። ቀንዱ አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ ጠፋ።

አያ ሙህዲን ሰዎቹን በጣታቸው ቆጠሯቸው፤ እንደገናም ቆጠሯቸው። አምስት ናቸው። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ።

እንዳለው ጭቃ እንደለበሰ ቀረበና «አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በደንብ አልሰማሁም» አለ።

«የለም» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ነፋሱ የሰጠህን ሰማህ። ‹ሰማህ?› ብሎ ጠይቆ ‹ምን ሰማህ?› ሳይል የዘጋሁት እኔ ነኝ። ነገ ጧት ዳማውን በሬዬን ወስደህ ጥመድ፤ ያንተ ነው።» እንዳለው እምቢ ለማለት አፉን ሲከፍት እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። ከዚያ ወደ ፈሪሀ ዞረው፣ በዚያ ዕድሜያቸው እንደ ቁርአን ቤት ደረሳ፣ ጥያቄ ጠየቁ። «እኔ ‹አትግቡ› አልኩ። አንቺ ለምን ‹ውጡ› አልሽ?»

«‹አትግቡ› ከሚለው ላይ ፊቱ ቢቆረጥ የሚቀረው ‹ግቡ› ነው፣ አያ። ክልከላው ፈቃድ ይሆናል። ‹ውጡ› ግን ቢቆረጥ እንኳ ‹ግቡ› አይሆንም። በእኛም ሥራ ‹ተነሡ› የሚለው ቃል አውሮፕላኑ እንዲነሣ ሲፈቀድ ብቻ ነው የሚነገረው። ‹ገና አትነሡ› አይባልም፤ ‹ባላችሁበት ቆዩ› ይባላል። ለፈቃድና ለክልከላ አንድ ቃል አናካፍልም።»

«ይህን ሁሉ ያወጣው ማን ነው?»

«ከሞት የተረፉና ያልተረፉ ሰዎች ናቸው» አለች።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የወንዙ ዳር ገበሬ ሁሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ። አያ ሙህዲን የሆነውን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በጎርፍ ጊዜ ስልክ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚጠራውን ይጥራ፣ ማንነቱን ይናገር፣ ነገሩን ያሳጥር። ሰላምታው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ይደርሳል። የሰማ ሰው የሰማውን ይመልስ፤ የተናገረውም ልክ ነው እስኪል ስልኩን አይዝጋ። ሰውን ከወንዝ የምናወጣበት ቃል ‹ውጡ› ብቻ ነው።»

አቶ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። «ሙህዲን፣ በዚህ ዕድሜያችን እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ እየተከታተልን ልንደግም ነው? ነገ ልጆቻችን ቢያርሙን ክብራችን ምን ሊሆን ነው?»

አያ ሙህዲን አልተቆጡም። «ወልደ ሚካኤል፣ እኔም ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ነው ያልኩት። ነገር ግን ንገረኝ፤ ያን ቀን ቃሌ ሳይመረመር ቢቀር፣ ለአምስት ቤት ለቅሶ ስሄድ የምይዘው ክብር የትኛው ነበር? ቃሌን መልሶ የሚነግረኝ ሰው አልናቀኝም። ቃሌ ሳይሰበር እንደደረሰ እየመሰከረልኝ ነው። ደግሞም የሚሳሳተው ጆሮ ብቻ አይምሰልህ፤ አፍም ይሳሳታል።»

አቶ ወልደ ሚካኤልም «አፍም ይሳሳታል ያልከው እውነት ነው» ብለው ተቀመጡ። ጉባኤውም ተስማማ።

ፈሪሀ በሳምንቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔ ግን ያንን ክረምት እየተመላለስኩ ተከታተልኩት። ጎሊና ከዚያ በኋላ ስድስት ጊዜ ሞልቷል፤ ሰውም ከብትም አልጎዳም። ውሃው ተራውን ሳይስት ስለሚገባ በማሽላ ማሳ ባለቤቶች መካከል የነበረው ጠብ ቀነሰ። «ያልከኝ ሌላ፣ የሰማሁት ሌላ» የሚለው ክርክር ጠፋ ማለት ይቻላል። የዋጃ ገበሬዎችም ሁለት ሰው ልከው ወጉን ተምረው ሄዱ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህ ለውጥ ማሽን አልጠየቀም፣ ባለሙያም አላስመጣም። የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ተናጋሪው እንዲታገሥ፣ ሰሚውም እንዳያፍር። መድኃኒት የሚያዝ ሐኪምም ሆነ ልጁን በስልክ መንገድ የሚያሳይ አባት ቢሠራበት ይጠቀማል።

በመስከረም መጨረሻ አያ ሙህዲንን ማሽላው እሸት ሲይዝ ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው። አዲሱ ወግ እንዴት እንደሆነላቸው ጠየቅኋቸው።

«መምህር» አሉኝ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ ትእዛዝ በላክሁ ቁጥር ልቤ ቃሌን ተከትሎ ወንዝ ይወርድ ነበር። ምን ሰምተው ይሆን፣ ምን ያደርጉ ይሆን እያልኩ። ለሰው አልናገረውም እንጂ እንዲያ ነበር። አሁን የሰማውን ሲመልስልኝ፣ ልቤ ከእኔ ጋር ቤቴ ይቀመጣል።»