ቀላል የተባለው ሕመም

የሄድኩት የሱሪዬ ወገብ ጠቦኝ ነው። ሚስቴ «ሱሪው አልጠበበም፣ የሰፋኸው አንተ ነህ» ብላኛለች፤ ያም ሆነ ይህ መፍትሔው ያለው ጋሽ ልኬ ዘንድ ነው። ጋሽ ልኬ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። «እኔ ልኬን አውቃለሁ» ማለት ስለሚያበዙ ሰፈርተኛው በዚያው ጠራቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት።

ከሱቃቸው በር ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ግንባር ለግንባር ልንጋጭ ምንም አልቀረን። ይህች ልጅ በአንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ውስጥ ደም ትመረምራለች፤ አጎቷ «ማይክሮስኮፕ» እያሉ ይጠሯታል። አጎቷን ልትጠይቅ መምጣቷ ነበር። «መምህር ይቅደሙ»፣ «የለም፣ አንቺ ቅደሚ» ስንባባል ቆይተን በመጨረሻ ሁለታችንም እኩል ገባን።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ስለተቃረበ ሱቁ በዩኒፎርም ጨርቅ ተጨናንቋል። ጋሽ ልኬ የስፌት መኪናቸው ላይ ናቸው። ምራታቸው ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ጭኗ ላይ የጋሽ ልኬ የልጅ ልጅ፣ የሴት ልጃቸው ልጅ፣ ተጋድማለች፤ ፊቷና ደረቷ በደቃቅ ቀይ ሽፍታ ተሞልቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ምራትየው እርጉዝ ናት። ገና አልታየባትም። ባሏ ረጅም መንገድ የሚሠራ ሾፌር ነው፤ ከሱ ሌላ የነገረችው ለሚስቴ ብቻ ነው፤ ሚስቴ ደግሞ ለኔ ነገረችኝና «ትንፍሽ ብትል ውርድ ከራሴ!» አለችኝ። በጋሽ ልኬ ቤት እርግዝና ሆድ ሳይገፋ አይወራም። ሽፍታውን ሳይ ስለ ሽፍታና ስለ እርጉዝ ሴት አንድ ቦታ ያነበብኩት ነገር ትዝ አለኝ፤ ምን እንደሚል ግን ጨርሶ ጠፋብኝ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ነው፤ የወንዞችን ስም ብትጠይቁኝ ይሻለኛል።

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?» አለች ማይክሮስኮፕ።

«ምንም አልሆነች። ትንሽ ሽፍታ ናት። ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በልታለች።»

ማይክሮስኮፕ ጎንበስ ብላ የሕፃኗን አንገት ዳበሰች። «ከጆሮዋ ኋላ አብጧል። ሩቤላ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰሞኑን ከዚህ አካባቢ ብዙ ናሙና እየመጣልን ነው።»

«ኩፍኝ ማለትሽ ነው?» አልኩ፣ ዐዋቂ ለመምሰል።

«ይመሳሰላሉ እንጂ ሌላ ነው፣ መምህር።»

«ከኩፍኝ ይከፋል?»

«ለልጆችስ ይቀላል።»

«ተገላገልን!» አሉ ጋሽ ልኬ። «ልጅቷም ልጅ፣ ሕመሙም ለልጅ ቀላል። እንዲያውም በኛ ጊዜ አንዱን ሲይዘው የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ ሰብስበን አብረን እናስተኛቸው ነበር፤ አንድ ላይ ይወጣላቸውና ያርፉታል። ዛሬ ሐኪም በዛ፣ ሕመምም በዛ።»

«ጋሼ፣ ይህ ሕመም ሽፍታው ሳይወጣ በፊት ነው መጋባት የሚጀምረው። ጤነኛ ከሚመስል ልጅ ይተላለፋል።»

«ሳይታይ?»

«ሳይታይ።»

«ለመሆኑ ይህን ቫይረስ የምትይውን በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«በኛ መሣሪያ አይታይም። እጅግ በጣም ትንሽ ነው።»

«መምህር፣ ሰማህ? ማይክሮስኮፕም አላየችውም! እሺ፣ ሕይወት አለው?»

«አለው ለማለት ይከብዳል።»

«ሙት ነዋ።»

«ሙትም አይባልም።»

«ሕያው ያልሆነ፣ ሙትም ያልሆነ! ታዲያ ምንድነው? የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው?»

ነገሩን ላቃና ብዬ «እንደ ባክቴሪያ ያለ ፍጥረት ነው» አልኩ። ማይክሮስኮፕ በትሕትና አረመችኝ፦ ባክቴሪያ ራሱን ችሎ ይኖራል፣ ይራባል፤ ቫይረስ ግን አይችልም። ጋሽ ልኬ «እንግዲያው ያንን ባለሁለት ቀለም እንክብል ስጧትና ይብቃ» ሲሉ፣ እንክብሉ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን እንደማይነካው ነገረቻቸው። እውነቱን ለመናገር በዚህ ጊዜ ከሽማግሌው ይልቅ ግራ የተጋባሁት እኔ ነበርኩ። ራሱን ያልቻለ ነገር እንዴት ሰፈር ሙሉ ሰው ይጥላል?

«ጋሼ» አለች ማይክሮስኮፕ፣ «ልብስ ሲቆርጡ ጨርቁ ላይ የሚያነጥፉት የልክ ወረቀት አለ አይደል? ያ ወረቀት ብቻውን ልብስ ይሰፋል?»

«ወረቀት ምን እጅ አለው!»

«ቫይረስም እንዲሁ ነው። እጅ የለው፣ መኪና የለው፣ ክር የለው። ሰውነታችን ውስጥ ይገባና በኛው መኪና፣ በኛው ክር የራሱን ልክ ያሰፋል። ሰውነታችን ሥራውን ትቶ የሱን ሲሰፋ ይውላል።»

ጋሽ ልኬ ፔዳሉን አቆሙ። «ሱቄ ገብቶ፣ በገዛ መኪናዬ?»

«አዎ።»

«ሳያስፈቅድ?»

«ሳያስፈቅድ።»

«ባለጌ ነው በይኛ!» አሉ። ሕያው ይሁን ሙት ሲያጣሩ የቆዩት ሰውዬ፣ ባለጌ መሆኑን ሲሰሙ ተረጋጉ። «ይሁንና ልጅቷን ምንም ካላደረጋት ምን አስጨነቀሽ?»

«እኔን የሚያስጨንቀኝ እርጉዝ ሴት ናት።»

እኔ ሳል ያዘኝ። ምራትየው አንገቷን ይበልጥ ደፋች።

«እዚህ ቤት እርጉዝ የለም» አሉ ጋሽ ልኬ።

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የሚስቴ ፊት ድቅን አለብኝና መልሼ ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩና «ለ... ለማወቅ ያህል፣ እርጉዟን ምን ያደርጋታል?» አልኩ። ከዚህ የተሻለ ብልሃት አልመጣልኝም።

«እናትየዋን ምንም ላያደርጋት ይችላል፤ ሽፍታ እንኳ ላይወጣባት ይችላል። ጋሼ፣ ቁልፍ እየተከሉ ሳለ ሰው ክንድዎን ቢገፋዎ ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል፣ ፈትቼ እንደገና እተክላለሁ።»

«መቀስ ይዘው ጨርቁን እየቆረጡ ሳለስ?»

«ያማ ጨርቁ ሄደ» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው።

«በመጀመሪያዎቹ ወራት የሕፃኑ ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ ገና መቀስ ላይ ነው። ቫይረሱ በእናትየዋ ደም አልፎ እዚያ የደረሰ እንደሆነ ሕፃኑ የማይሰማ ወይም የማያይ ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ልቡ ሊታመም ይችላል። አንዳንዴም ጨርሶ አይወለድም። ሆዷ ከገፋ በኋላ አደጋው እየቀነሰ ይሄዳል። የሚከፋው ማንም ሳያውቅላት ነው።»

ምራትየው ሕፃኗን ከጭኗ አንስታ ጨርቅ ክምር ላይ አስቀመጠቻት። ሕፃኗ ተመልሳ ልትወጣ ስትታገል በሁለት እጇ ያዘቻት፤ ታቅፋት ወይ ትግፋት የጨነቃት ይመስላል።

«እህቴ» አለች ምራትየው፤ «በልጅነቷ የያዛት ሴትስ... ይደግማታል?»

«ይዟት ከሆነ ሰውነቷ ያስታውሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ አይደግማትም። ግን ሽፍታ የሚያወጣ ሕመም ብዙ ስለሆነ በግምት አይታወቅም። የሚናገረው ደም ነው» አለች ማይክሮስኮፕ፤ ተናግራም ሳትጨርስ ገባት።

ጋሽ ልኬ ምራታቸውን አዩ። ሕፃኗን አዩ። እኔን ሲያዩኝ ጣሪያውን መመርመር ጀመርኩ። ያልጠየቁት ጥያቄ ከንፈራቸው ላይ ይታያል፤ አማት ምራቱን እንዲህ ብሎ አይጠይቅማ።

«ጥቁር ክር አልቆብኛል» አሉ በመጨረሻ። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ጥቁር ክር በሽ በሽ ነው። «ሁለታችሁም ሂዱና ግዙልኝ። ማይክሮስኮፕ፣ በዚያው በመሥሪያ ቤትሽ በኩል እለፉ። መንገዳችሁ ነው።»

መንገዳቸው አልነበረም። ተያይዘው ወጡ።

«ታውቅ ነበር» አሉኝ ብቻችንን ስንቀር።

«ሚስቴ...»

«እናቷ ሥራ ስትሄድ ሕፃኗን የምራቴ ጭን ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ መምህር። ‹ምራቴ አለችልሽ› እያልኩ። ለምን አትነግረኝም?»

«እርግዝና ሳይታይ አይወራም የሚሉት እርስዎ አይደሉም?»

«እኔ ነኝ። አባቴም ይሉ ነበር። ከሰው ዓይን እንጠብቃት ብለን ነዋ!» አሉና መቀሱን አንስተው፣ የሚቆርጡትን አጥተው መልሰው አስቀመጡት። ያን ቀን ሱሪዬን ይዤ እንደጠበበ ተመለስኩ።

በማግስቱ ማለዳ ሱቁ ገና ሳይከፈት በሩ ላይ ተገኘሁ። ማይክሮስኮፕ ምራትየውን አስከትላ መጣች፤ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። በደሟ ውስጥ ያለው የድሮው ሕመም ምልክት ነው፤ አዲስ የለም። እዚያው ያለው ሐኪምም እንዳትሰጋ ነግሯታል። ክትባቱ በልጅነቷ ስላልነበረ፣ ያኔ ይዟት አልፏል ማለት ነው።

ጋሽ ልኬ ሱቁን ከፍተው ይህን ሲሰሙ በእፎይታ ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ። ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ከዚያ ግን ቀና ሲሉ ዓይናቸው ውስጥ የማውቀው ተንኮል ተመልሷል።

«እንግዲህ ማይክሮስኮፕ፣ ማን ልክ ሆነ? በልጅነቷ ባይዛት ኖሮ ዛሬ አልቆላት ነበር። ያዳናት ሕመሙ ነው! ልጆቹን አንድ ላይ እናስተኛቸው ያልኩት እኔ ነኝ!»

ይህን ሲሉ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እውነት መሰለኝ። እንዲያውም እውነት ነው፤ ይዟታል፣ ድናለች፣ ተጠብቃለች። ምን ትመልስ ይሆን ብዬ ማይክሮስኮፕን አየኋት።

«አዎ፣ እሷን ጠብቋታል» አለች። «ግን ጋሼ፣ እሷ ትንሽ ልጅ ሆና ያ ሽፍታ ሲወጣባት በማን ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር?»

«እኔ በምን አውቃለሁ?»

«እኔም አላውቅም። ክትባት የሚለየው በዚህ ነው። ሰውነት ሳይታመም ይማራል፣ የማንንም ቤት አያንኳኳም። ለእርጉዝ ሴት ክትባቱ አይሰጥም፤ የምትጠበቀው በዙሪያዋ ያሉት ልጆች ሲከተቡ ነው።»

ጋሽ ልኬ ሊመልሱ ሲሉ ምራትየው ቀደመቻቸው።

«በአክስቴ ጭን» አለች።

ሁላችንም ዞርን።

«አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ፣ ያኔ እኛ ቤት ነበረች። አዲስ ሙሽራ ነበረች። ሽፍታ ወጥቶብኝ ሳለቅስ የምታባብለኝ እሷ ነበረች። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ አይሰማም። እስከ ዛሬ አይሰማም። ሰው ሁሉ ዓይን ነው ይላል።»

«በዚያ ሽፍታ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም» አለች ማይክሮስኮፕ ፈጥና። «መስማት የሚያሳጣ ምክንያት ብዙ ነው። አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም።»

«ማንም አይችልም» አለች ምራትየው፤ እንባዋ ግን ወርዶ ነበር። ማን ይወቀሳል? ያለቀሰችው ሕፃን? ያባበለቻት ሙሽራ? እስካሁን ሳስበው ይምታታብኛል።

ጋሽ ልኬ ተነሥተው ምራታቸው ራስ ላይ እጃቸውን አኖሩ። «አንቺ ምንም አላደረግሽም፣ ልጄ» አሉ። «ቀላል ነው ስንል የኖርነው እኛ ነን።»

ከዚያ ቀን ወዲህ የጋሽ ልኬ የልጅ ልጆች በሙሉ ተከትበዋል፤ ጎረቤትም አይቶ ተከተለ። አንድ ልጅ ሲከተብ ራሱን ብቻ አይጠብቅም፤ ቫይረሱ ከሱ ተነሥቶ ወደ ሌላ የሚሻገርበትን መንገድ ይዘጋል። መንገዱ በየቤቱ ሲዘጋ ወረርሽኙ ማረፊያ ያጣል፤ ያልተወለደውም፣ መከተብ የማይችለውም በሰው ጀርባ ተከልሎ ያድራል። ልጃገረዶችም ከማግባታቸው በፊት ማይክሮስኮፕ ዘንድ ብቅ ብለው ደማቸውን ያሳያሉ። ጋሽ ልኬም ትኩሳት ወይም ሽፍታ ያለበትን ልጅ አይለኩም፤ «አሮጌ ዩኒፎርሙን አምጡልኝ፣ በሱ ልክ እሰፋለሁ» ይላሉ። የኔንም ሱሪ አስፍተውልኛል፤ በሚስቴ ፊት ማን እንደሰፋ ግን አልመሰከሩልኝም።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ፊቱ ቀላ ያለ ልጇን ይዛ መጣች። ጋሽ ልኬ ከደጃፉ መለሷት። ሴትየዋ ከሩቅ ሰፈር ነበር የመጣችው፤ ተናደደች።

«ቀላል ሽፍታ ናት! ደግሞስ እዚህ ቤት እርጉዝ አለ እንዴ?»

ምራትየው ቁልፉን እየተከለች ቀና አላለችም። ሆዷ ገና አልገፋም።

«አላውቅም» አሉ ጋሽ ልኬ። «አሁን ከኋላሽ ያለፈችውም ሴት እርጉዝ ትሁን አትሁን አላውቅም። ስለማላውቅ ነው የመለስኩሽ፣ ልጄ።»

ሴትየዋ ዞር ብላ መንገዱን አየች። ብዙ ሴቶች ይተላለፋሉ። ልጇን አነሣችና ወደ መንገዱ መሐል ሳትገባ፣ በግድግዳው ጥግ ጥግ ይዛው ሄደች።