የአቶ ዕንባቆም ስለትና የኮሌጁ ኳስ

በሰኔ መጀመሪያ፣ ፀሐይ ስቶክሆልም ላይ አልጠልቅም ብላ በምታስቸግርበት ሰሞን፣ አቶ ዕንባቆም በሰማያዊው መስመር ቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ተሳፍረው ወደ ሰፈራቸው ወደ አካላ ይመለሱ ነበር። በጉልበታቸው መካከል ከቁመታቸው የማያንስ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ዕቃ አቁመዋል። ከአዲስ አበባ በእንግዳ እጅ ያስመጡት የወርቅ ዘቦ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ነው።

አቶ ዕንባቆም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ይህንኑ ባቡር ይነዱ ስለነበር፣ ዛሬም የሚሳፈሩት እንደ ባለቤት ነው። በሩ ዘግይቶ ሲዘጋ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ሹፌሩ ፍሬን ሲያበዛ «ኧረ ቀስ!» ይላሉ። በዚያን ቀን ግን ለሹፌሩ ጊዜ አልነበራቸውም። ሐሳባቸው ሁሉ የክርስትና ልጃቸው ሲራክ ዘንድ ነበር። ሲራክ አሜሪካ ሄዶ ለአንድ ታላቅ ኮሌጅ ኳስ ተጫዋች ሆኗል። እነሱ እግር ኳስ ይበሉት እንጂ ጨዋታው አብዛኛው በእጅ ነው፤ ሲራክ ግን በእግሩ እንዲመታ ተመርጦ ነው የሄደው። አቶ ዕንባቆምም «ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን አሸንፎ አሳየኝ፤ የወርቅ ዘቦ ጥላ አገባለሁ» ብለው ተስለዋል። ስለቱን በልባቸው ቢይዙት ደግ ነበር፤ እሳቸው ግን ምእመናን ፊት ቆመው ተናገሩት። ዋንጫው ገና አልተበላም፣ ጥላው ግን ተገዝቷል። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

ከጥቂት ጣቢያ በኋላ አንድ ረጅም ጎረምሳ ገባና እሳቸውን ሲያይ ደንግጦ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሲራክ!» አሉ አቶ ዕንባቆም። ሰረገላው ሙሉ ዞረ፤ በስዊድን ባቡር እንዲህ አይጮህም። «አንተ! አሜሪካ አይደለህም እንዴ?»

ሲራክ ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል የጥላው ጫፍ ግንባሩን መታው። እናቱ ወይዘሮ ብርቅአየሁ ቤት ውስጥ በስዊድንኛ ለተናገራት መልስ ሰጥታው ስለማታውቅ፣ አማርኛው የተጣራ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። ከመጣሁ ሰንብቻለሁ። እናቴ ናት ቁርጡ እስኪታወቅ ድረስ አትታያቸው ያለችኝ።»

«እኔን? ምን በድዬ?»

«ምንም አልበደሉ። ኮሌጁን ልተወው ነው። እዚሁ ስቶክሆልም አጠገብ፣ ሶደርተልየ፣ ምሕንድስና እንድማር ተቀብለውኛል፤ እስከ ሰኞ መልስ መስጠት አለብኝ። እናቴ ግን የክርስትና አባትህ ካልመረቁህ እኔም አልመርቅህም ብላለች።»

አቶ ዕንባቆም ጥላውን አዩት። ከዚያ ልጁን አዩት። ልባቸው ክፉኛ አዘነ፤ ማዘናቸውንም አልደበቁም።

«ልጄ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ስምህን ሲጠራ በቴሌቪዥን አይተን እንዴት እንደ ጨፈርን ታውቃለህ? የሰፈራችን አፀደ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት እሳት ተነሣ ብሎ ወጣ። ደግሞስ ኮሌጁን ያስጠራው ምን ሆነና ነው? ኳሱ ባይኖር ማን ያውቀው ነበር?»

«እውነት ብለዋል። ግን ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ፤ ከዚያ ኮሌጅ የማንን ስም ያውቃሉ?»

«ያንተን! የአሰልጣኙንም አውቃለሁ፣ ያንን ሁልጊዜ የሚቆጣውን።»

«ከመምህራኑስ?»

አቶ ዕንባቆም ጢማቸውን አሻሹ። «መምህራኑን በቴሌቪዥን አያሳዩም።»

«እኔም ኮሌጁ ያለበት ከተማ ውስጥ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ኮሌጁ ታወቀ እንላለን እንጂ፣ አባባ፣ የታወቀው ሜዳው ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ሲራክ ኳስ የጠላ ልጅ አይደለም። ኳስ ከመውደዱ የተነሣ በልጅነቱ የእናቱን አበባ ማስቀመጫ ሁሉ የጨረሰ ነው። የሚከራከረው ኳሱ ስለሚቀመጥበት ቦታ ነው።

«ለድሃ ልጅ በር ይከፍታል» አሉ አቶ ዕንባቆም ቀና ብለው። «ይህን አትክደኝም።»

«አልክድም፤ ይከፍታል። የተከፈተው በር ግን የሚያስገባው ወደ ሜዳ ነው። የቤተ ሙከራ ትምህርቴና ልምምዱ በሰዓት ተጋጩና አሰልጣኙን ባስፈቅድ፣ ቀለል ያለ ሌላ ትምህርት ምረጥ አለኝ። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ደግሞ ጉልበቱ ተጎዳ። ስለ ጉልበቱ ያልጠየቀው ሰው የለም፤ ስለ ትምህርቱ የጠየቀው ግን አልነበረም። ቡድኑን ሲለቅ ትምህርቱንም ለቆ ሄደ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አባባ። ድሃን መርዳት ከሆነ ቁም ነገሩ፣ ለምን በጭንቅላቱ አይረዱትም?»

«ሁለቱንም ያዝ እንጂ! ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው የሚባለው።»

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚሉኝስ እርስዎ አልነበሩም?»

አቶ ዕንባቆም ሳቃቸውን ዋጡት። የገዛ ተረታቸው ዞሮ ሲመታቸው ያማል፤ ግን ደግሞ ልጁ ተረቱን ሳይረሳ መቆየቱ ደስ አላቸው።

ይህን ሲባባሉ ባቡሩ አካላ ደረሰ። የመጨረሻ ጣቢያ ነውና ሰው ሁሉ ወረደ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያወርድ የኖረው ጡረተኛ ሹፌር ግን ከነሲራክ፣ ከነጥላው እንደ ተቀመጠ ቀረ፤ ባቡሩም ወደ ከተማ ተመልሶ ተነሣ።

«እኛም እኮ አዲስ አበባ ኮሌጅ ኳስ ነበረን» ሲሉ ቀጠሉ፣ ዓይናቸው እየበራ። «መረብ ኳስ! ትምህርት ሲያበቃ የሕጉ ተማሪ ከሕክምናው ይገጥማል፣ ዳኛው የሒሳብ መምህራችን፣ ሴቱ ወንዱ፣ የቻለውም ያልቻለውም ይሰለፋል። እንስቅ ነበር፣ ልጄ! ፈተና ሲደርስ ታዲያ መረቡ ይጠቀለላል።»

«መረቡ ይጠቀለላል?»

«ታዲያስ! የሄድነው ለፈተናው እንጂ ለመረቡ ነው?»

ሲራክ በትሕትና ጠየቀ።

«አባባ፣ የአካላን የስፖርት ማኅበር፣ ፎረኒንጉን፣ የመሠረቱት እርስዎ ነዎት። አባሉ በፈቃዱ ይመጣል፣ በፈቃዱ ይሄዳል፤ በርትቶ የወጣም ወደ ትልቅ ክለብ ይሻገራል። ለምን ከትምህርት ቤቱ ጋር አንድ አላደረጉትም?»

«ምን አገናኘው! ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ነው፣ ክለብ ክለብ ነው። አንድ ካደረግኸው አስተማሪው በልጁ ጎል ውጤት መስጠት ይጀም…»

አፋቸውን እንደ ከፈቱ ቀሩ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ ላስቲኩ እስኪንኮሻኮሽ ሳቁ። ኋላ ተሳፍረው ከፊታቸው የተቀመጡት ስዊድናዊት አሮጊት ቋንቋው ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

«በገዛ አፌ አሰርከኝ እኮ!»

«እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ትልቁ ኳስ ይኑር፤ ግን በራሱ ቤት፣ በራሱ ስም ክለብ ሆኖ ይኑር። በኮሌጅ ደግሞ ያ የእናንተ መረብ ኳስ ይኑር፤ ሁሉም የሚጫወተው፣ ፈተና ሲደርስ የሚጠቀለለው።»

አቶ ዕንባቆም ሳቃቸው ሲበርድ ጥላውን ነካ አደረጉት። «ይሄስ? በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን ምን ላድርገው? አፍራለሁ፣ ሲራክዬ።»

«የሌላው ቡድን መቺም እናት አለችው፣ አባባ። እሷም ትጸልያለች። ቅዱስ ሚካኤል የማንን ሰምቶ የማንን ይተው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በሚሮጠው ባቡር ውስጥ ቆሙና እጃቸውን በልጁ ራስ ላይ ጫኑ። «እውቀት ይግለጥልህ። የያዝከው ይባረክ። ለወገን የምትተርፍ ያድርግህ።» ሲራክ «አሜን» አለ። ሰኞንም ሳይጠብቅ፣ እዚያው ባቡሩ ላይ፣ ለእናቱ ደወለላት።

በሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ አቶ ዕንባቆም ጥላውን ዘርግተው ምእመናን ፊት ቆሙ። ዘቦው አብረቀረቀ። ዋንጫው የተበላ የመሰላት አፀደ እልልታዋን ልትለቀው አፏን ከፍታለች።

«ስለቴ፣ ልጄን አሸንፎ አሳየኝ የሚል ነበር» አሉ። «አሸንፎ አይቼዋለሁ። የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ኮሌጅ የእውቀት ቤት ነው አለኝ፤ ተከራከርኩት፣ ረታኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ለሰጠኝ መልአክ ጥላው ያንሰዋል።»

አፀደ መጀመሪያ ግር አላት፤ ኋላ ግን የተከፈተ አፍ በከንቱ አይዘጋም ብላ እልልታውን ለቀቀችው። ወይዘሮ ብርቅአየሁ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሕዝቡ ሁሉ ተቀበለ።

ኳስን ከኮሌጅ አታጥፉት፤ ጌታ አታድርጉት እንጂ። ቦታውን ያወቀ ኳስ ጤና ነው፣ ወዳጅነት ነው፣ ሳቅ ነው። ለዚህም ምስክሩ ሲራክ ነው። ዛሬ ሶደርተልየ ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰዓት የሚሻማው የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አካላ ሜዳ ላይ ኳስ አመታት ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ከትምህርት ቤት ልጆች እስከ ጡረተኞች ናቸው። አፀደም በጉልበት ሕመሟ ላይ በረኛ ሆናለች፤ ጎል ሲገባባት ዳኛውን ትሳደባለች። ዳኛው አቶ ዕንባቆም ናቸው።

በጥር አንድ ቅዳሜ፣ በረዶው ተጠርጎ ሜዳው ሲከፈት፣ ሲራክ ኳሱን በብብቱ ይዞ እያፏጨ መጣ። ጎሉ ባዶ እንጨት ሆኖ ቆሟል። አቶ ዕንባቆም መረቡን ጠቅልለው፣ እንደዚያን ቀኑ ጥላ በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምነው አባባ፣ ዛሬ ጨዋታ የለም?»

«ለሌላው አለ» አሉ። «አንተ ግን ሰኞ ፈተና አለብህ። ሂድ አጥና! መረቡን የምዘረጋው አንተ ከዓይኔ ስትርቅ ነው።»