ጫማዋ እምቢ ያላት

አገር ላገር የዞረው ኮሌራ በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ሲገባ፣ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም፤ «ያ በሽታ» ይባል ነበር። የባቡር ሠራተኛ ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ የሺአረግ አንድ ጠዋት የደቻቱን ወንዝ ሲሻገሩ፣ ድልድዩ ላይ የጎረቤታቸው ልጅ ዚነት ድንገት ገጠመቻቸው። ዚነት በጤና ረዳትነት ሠልጥና በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ነፍሰ ጡሮችን ትመረምራለች። የሺአረግ እጃቸውን ለሰላምታ ሳይዘረጉ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። በእጃቸው ያሳደጓትን ልጅ መሸሻቸው አሳፈራቸው፤ ፍርሃቱ ግን ከሐፍረቱ በለጠ።

«እማማ፣ ሸዋገነት ለምን ቀረች? ስምንተኛ ወሯ ገብቶ የለም?»

የሺአረግ ለበኩር ልጇ ወሊድ እናቷ ቤት የመጣችውን አንዲት ልጃቸውን ሸዋገነትን ከግቢ አላስወጣም ካሉ ሰንብተዋል። ጤና ጣቢያው በበሽተኛ ተጨናንቆ ሳለ ጤነኛዋን ወስጄ ለሞት ላስረክባት ወይ ሲሉ ጠየቁ። ዚነት በትዕግሥት አስረዳቻቸው፤ የነፍሰ ጡር ምርመራ ከበሽተኞቹ ተለይቶ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ዞሯል፣ እያንዳንዷ በቀጠሮዋ ሰዓት ትመጣለች፣ በር ላይ እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ የሚጠጣውም ውኃ የፈላ ነው።

የሺአረግ ግራ ቀኙን አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እዚያ አዳራሽ ለጥያቄ ተጠርቶ ሳይመለስ የቀረውን ሰው ረሳሽው?»

ዚነት አልረሳችም።

«ደግሞስ ልጄ ደኅና ናት» አሉ የሺአረግ፣ ኮራ ብለው። «አጥሚቱን ሳላቋርጥባት ፊቷ ሞልቷል። እግሯም ወፍሮ ጫማዋ እምቢ ብሏታል። ራሴን ትላለች እንጂ፣ እሱ የሙቀቱ ነው።»

የዚነት ፊት ተለዋወጠ። «ወላሂ እማማ፣ ይኼ ውፍረት አይደለም፣ እብጠት ነው። ደም ግፊት እንዳይሆን እፈራለሁ። ሳይለካ ከቆየ አንቀጥቅጦ ይጥላታል። ያንን በሽታ ሲሸሹ ሌላውን ቤትዎ ውስጥ አስቀምጠውታል።»

የሺአረግ የድልድዩን ብረት ያዙ። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ለካ እውነት ነው፤ አንዱን በር ሲጠብቁ ሞት በሌላው ገብቶ ተቀምጧል።

«አንቺ አብረሽን ትገቢያለሽ?»

«እጇን ይዤ እገባለሁ።»

ዕለቱን ሄዱ። ግፊቷ ከፍ ብሎ ስለተገኘ ሸዋገነት ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ የሺአረግ ሲጸልዩ ከረሙ፤ ልጃቸውም በሰላም ተገላገለች። ወረርሽኝ የምርመራውን ቦታና ሰዓት ይለውጥ ይሆናል፣ ምርመራውን ግን አያስቀርም፤ የእናት ሆድ በሽታው እስኪያልፍ አይጠብቅምና።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤታቸው ዳሃቦ «ነፍሰ ጡሯ ምራቴ ፊቷ ሞላ» ብላ ደስ ሲላት፣ የሺአረግ እንኳን ደስ ያለሽ አላሏትም።

«ጫማዋ ይገባታል?» አሉና፣ መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ምርመራ ሊወስዷት ነጠላቸውን አነሡ።