የፖሎና ባልዲ

ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከቶልሚን ከተማ ወደ ላይኛው መንደር ስወጣ ኡርሻን መንገድ ላይ አገኘኋት። አዲስ የእንጨት ባልዲ በጀርባዋ አዝላ ጉሙ ውስጥ ጥፍት ብቅ ትላለች። ስለ ወተት ሥራ ሁለት ዓመት ተምራ የተመለሰች፣ አንደበቷ የማይደክም ልጅ ናት። እኔም ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በቅዳሜ ገበያ አይብ እነግዳለሁ።

"መምህር፣ እግዜር ነው ያመጣዎት! ወደ አጎቴ ነው?"

"ወደ እሱ ነው። ግን የምነግረው ነገር ደስ አይልም።"

አጎቷ ቪንኮ የሚሠራው አይብ ሦስት ዓመት ሙሉ እያበጠና እየተሰነጠቀ አስቸግሮን ነበር። ገበያችን ትንሽ ናት፤ የአንዱ አይብ ሸተተ ከተባለ የሁላችንም ይታማል። ሌሎቹ ነጋዴዎች ትተውት የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የዚያን ዕለትም "በቃኝ፣ አልወስድልህም" ልለው ነበር የምወጣው። እኔ ከተውኩት ደግሞ ላሞቹን ሸጦ ከልጅነቱ የኖረበትን የግጦሽ ተራራ መልቀቁ ነው። እንዴት ብዬ እንደምነግረው አላውቅም ነበር።

"አሮጌውን ባልዲ ቢተው ችግሩ ያበቃ ነበር" አለች ኡርሻ። "ግን ያ የሟች ሚስቱ የፖሎና ነው። ደግሞ ፖሎና ከሞተች ወዲህ ጓዳ ውስጥ ታንኳኳለች ይላል።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"እኔም ሰምቻለሁ" አለችኝ።

ቪንኮ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። "ግባ መምህር! አንቺ ግን ያንን ባልዲ ውጭ ተይው፤ ጓዳዬ አይገባም።"

የአይቡ ጓዳ ከቤቱ ሥር ከድንጋይ የተፈለፈለ ነው። ፋኖስ ይዘን ወረድን። በግራው መደርደሪያ የቪንኮ ክብ ክብ አይቦች ተደርድረዋል። በቀኙ፣ ኡርሻ በበጋው ለምና ለምና በራሷ ባልዲ የሠራቻቸው ስድስት አሉ። ቪንኮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን።

ቋ።

በጣት አንጓ በር እንደሚመታ ያለ ድምፅ ነው። ከግራው በኩል፣ ማንም ከሌለበት ጨለማ ነው የመጣው። ጠጉሬ ቆመ፤ መማሬም አልረዳኝም።

"ሰማህ?" አለ ቪንኮ በሹክሹክታ። "እሷ ናት። አይቡን በጣቷ አንጓ እየመታች ነበር የምትመርጠው፤ መቼም አንተም አትረሳውም።"

አልረሳሁም። ያው ድምፅ ነበር።

"አጎቴ፣ ይፍቀዱልኝ" አለች ኡርሻ። "የትናንቱን አጓት በዚያ ባልዲ ያሳድሩና ለዛሬው ወተት እርሾ ያደርጉታል። ከበረት የገባ ተሕዋስ እንጨቱ ውስጥ ተደብቋል። ከሳምንታት በኋላ አይቡን ከውስጥ በንፋስ ያሳብጠዋል፤ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ይጮኻል።"

"ባልዲውን በፈላ ውሃ አላጥበውም?"

"ያጥቡታል። ግን ይሄንን የፈላ ውሃም አይገድለውም። የኔን አይብ ይዩ፤ አንዱም አልጮኸም።"

"እንዴት ይጩህ? የፖሎና እጅ ያልነካው ባልዲ ነዋ! እሷ የምትመጣው በራሷ ባልዲ በኩል ነው።"

የኡርሻ ትዕግሥት አለቀና "የሞተ ሰው ከአይብ ምን ጉዳይ አለው!" ብላ ጮኸች።

"አፍሽን ዝጊ! ያንን ባልዲ ከጣልኩት ዝም ትላለች። ከዚያ እዚህ ቤት ከማን ጋር ልክረም?"

እንባዬ መጣ። ልጅቷ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር፤ ነገር ግን ያዘነን ሰው ሐዘኑን ሳይሰሙለት ዕውቀት ቢያወርዱበት አይሰማም። ይህን እኔም ሠላሳ ዓመት አስተምሬ የተማርኩት ዘግይቼ ነው።

"ቪንኮ፣ በፖሎና ጊዜ አንድ ባልዲ ስንት ዓመት ይቆይ ነበር?" አልኩት።

ቪንኮ ፋኖሱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"አንድ" አለ። "ፀደይ በመጣ ቁጥር አዲስ ታሠራና አሮጌውን ምድጃ ውስጥ ትከተው ነበር። እኔ ደህናውን ዕቃ አቃጠልሽው እያልኩ እጨቃጨቃታለሁ።"

"ይሄኛውስ?"

"አራት ዓመቱ።"

ቋ። ቋ። ቋ። በዚህ ጊዜ ከኋላችን ካለው ከግራው መደርደሪያ፣ በጣም ከቅርብ ነበር። ኡርሻ ክንዴን ጨበጠችኝ።

"እሷ ናት እንበል" አልኩት። "ሦስት ዓመት ሙሉ ምን እያለችህ ይመስልሃል?"

ቪንኮ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

"እየተቆጣችኝ ነው" አለ። "ሦስት ዓመት ስትቆጣኝ፣ እኔ ናፈቅኳት ብዬ ደስ ይለኛል።"

ወጣና አሮጌውን ባልዲ በገዛ እጁ ምድጃው ውስጥ ከተተው። እርጥቡ እንጨት እንደ ሰው እያቃሰተ ነደደ። የግራው መደርደሪያ ግን እስከ ገና አንኳኳ። የመጨረሻው አይብ ሲሰነጠቅ ጓዳው ጭር አለ።

በአዲሱ ባልዲ የተሠራው የዘንድሮ አይብ ቅርፊቱ ለስላሳ፣ ውስጡ እንደ ቅቤ ቢጫ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ያልቅብኛል። ትተውት የነበሩት ነጋዴዎች ተመልሰው ይለምኑታል። ላሞቹም ተራራው ላይ ናቸው። ሌሎቹ ቤቶችም በየፀደዩ ባልዲ መቀየር ጀምረዋል፤ የገበያችን ስም ታደሰ። ንጽሕና ከአባቶች ሥራ ጋር የሚጣላ የሚመስለው ሰው ካለ፣ የአባቶቹን ሥራ ግማሹን ረስቷል ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት አይብ ልመርጥ ወረድኩ። ቪንኮ ፋኖሱን አስቀምጦ አንዱን ክብ በጣቱ አንጓ ሦስት ጊዜ መታና ጆሮውን ለጠፈበት። ጠበቀ። እኔም አብሬው ጠበቅሁ።

"ምን አለች?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ምንም" አለኝ። "ፖሎና ነገር ሲስማማት ዝም ነበር የምትለው።"